የሲቢ አንቴናዎን በኤስ.ደብሊው.አር ሜትር እንዴት ያስተካክላሉ?

ራዲዮው አዲስ ነው፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ከግማሽ ማይል በላይ ያለ ሰው ድምፅዎን አይሰማም። በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ ከባድ መኪና ከሚነዱ ወገኖቻችን ይህን ቅሬታ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ብዙዎቹ ጥፋቱን ራዲዮው ላይ ጥለው ሌላ ይገዛሉ፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ይሆናል። ችግሩ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጋቢናው ውጭ፣ አንቴናው ላይ ነው። ፋብሪካው አንቴናውን ሲሠራ የትኛው መኪና ላይ፣ በየትኛው ቦታ እንደሚተከል አያውቅም። ስለዚህ ከተተከለ በኋላ ቁመቱ ለዚያ መኪና መስተካከል አለበት። ይርዘም ወይስ ይጠር የሚለውን የሚነግረን መሣሪያ ኤስ.ደብሊው.አር ሜትር ይባላል። ለሲቢ የሚሆነው ተራ ሜትር ውድ አይደለም፤ በትልልቆቹ ትራክ ስቶፖች ይሸጣል።

ሲቢ፣ ማለትም ሾፌሮች በአጭር ርቀት የሚነጋገሩበት ራዲዮ፣ ዘመኑ አልፎበታል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ በ1970ዎቹ እንደነበረው አይደለም፤ ያኔ በነዳጅ ቀውሱና በ1974ቱ የ55 ማይል የፍጥነት ገደብ ምክንያት ሾፌሩ ሁሉ መረጃ የሚለዋወጠው በሱ ነበር። ዛሬ ሁሉም ስልክ ይዟል። ነገር ግን በክረምት በዋዮሚንግ በኩል በአይ-80 ሲያልፉ፣ ከፊትዎ ያለውን በረዶና የተገለበጠ ተሳቢ አይቶ ከወዲያ በኩል የሚመጣው ሾፌር ስልክ ቁጥርዎን አያውቅም። ሾፌሮች የሚነጋገሩበትን ቻናል 19ን ግን ያውቃል። ለሲቢ ፈቃድ ማውጣት አያስፈልግም። ከባድ መኪና ነጂ ስልክ በእጁ ይዞ እንዳያወራ የሚከለክለው የፌዴራል ደንብም ሲቢን አይጨምርም። ይህን መሣሪያ መኪና ላይ ጭኖ አንቴናውን ሳያስተካክሉ መተው ያሳዝነኛል፤ ሥራው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም።

ሜትሩ የሚለካው ምንድን ነው?

ራዲዮው የሚያመነጨው ኃይል በገመዱ በኩል ወደ አንቴናው ይሄዳል። ራዲዮውም ሆነ የተለመደው የአንቴና ገመድ የተሠሩት ለ50 ኦም ነው። አንቴናው ከዚህ ጋር ከተስማማ ኃይሉን ተቀብሎ ወደ አየር ይለቀዋል፤ ካልተስማማ ከፊሉን በመጣበት መንገድ ይመልሰዋል። ሜትሩ የሚሄደውንና የሚመለሰውን አነጻጽሮ ኤስ.ደብሊው.አር በሚባል አንድ ቁጥር ያሳየናል። 1 ከሆነ ምንም የሚመለስ የለም። 1.5 ላይ ከመቶ 4፣ 2 ላይ ከመቶ 11፣ 3 ላይ ከመቶ 25 ይመለሳል።

ለሲቢ በኤ.ኤም የተፈቀደው ኃይል 4 ዋት ብቻ ነው። 3 ላይ እንግዲህ ከአራቱ አንዱ ዋት ተመልሶ መጣ ማለት ነው። የሚያሳስበው ግን የጠፋው ዋት አይደለም፤ የራዲዮው የመጨረሻ ማጉያ ትራንዚስተር በዚህ ሁኔታ ብዙ ከሠራ ይሞቃል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ለዚህ ነው ቁጥሩ 3 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ችግሩ እስኪገኝ ድረስ ማይኩን አይጫኑ የሚባለው። ከ2 በታች ይሠራል፤ 1.5 እና ከዚያ በታች ጥሩ ነው።

ደረጃ 1፦ ሜትሩን ከማገናኘትዎ በፊት ግራውንዱንና ገመዱን ይፈትሹ

አብዛኛው ሰው ይህን ዘሎ በቀጥታ ወደ ሜትሩ ይሄዳል፤ ከዚያ ያልታመመውን አንቴና ሲያስረዝምና ሲያሳጥር ይውላል። እኔ እንደማምነው ግማሹ ሥራ እዚህ ነው።

መኪና ላይ የሚተከለው አንቴና ለብቻው ሙሉ አይደለም። ሌላው ግማሹ የመኪናው ብረት ነው፤ ግራውንድ የሚባለውም ይህ ነው። የአንቴናው መቀመጫ ከመኪናው ብረት ጋር በደንብ ካልተነካካ፣ ቁመቱን የፈለገውን ያህል ቢያስተካክሉ ቁጥሩ አይወርድም። በዛሬዎቹ ከባድ መኪናዎች ደግሞ ይህ ችግር የተለመደ ነው። ኮፈኑ ፋይበርግላስ ነው፤ አንቴናው የሚተከልበት የስፖኪዮ ክንድ ቀለም ተቀብቷል፣ ወይም በፕላስቲክና በጎማ ከጋቢናው ተለይቷል። ብረት መስሎ የሚታየው ሁሉ ግራውንድ አይደለም።

መልቲሜትር ካለዎት ኦም ላይ ያድርጉት። ገመዱን ከራዲዮው ይንቀሉና አንደኛውን ጫፍ የኮኔክተሩ ውጫዊ ቀለበት ላይ፣ ሌላውን ከቀለም የጸዳ የመኪናው ብረት ላይ ያስነኩ። ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ማየት አለብዎት። ካላዩ መቀመጫውን ይፍቱ፣ ብረት ከብረት የሚነካበትን ቦታ ቀለሙንና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ያንሱ፣ መልሰው አጥብቀው ይሰሩ። ስፖኪዮው ከጋቢናው ተለይቶ ከሆነ ከመቀመጫው እስከ ሻንሲው ወይም የጋቢናው ብረት ድረስ አጭርና ሰፊ ጠፍጣፋ የተጠለፈ ሽቦ ይዘርጉ። ቀጭን ሽቦ ለባትሪ ጅረት ይበቃ ይሆናል፤ ለራዲዮ ሞገድ ግን ሰፊው ይሻላል።

ቀጥሎ አንቴናውን ከመቀመጫው ይፍቱና መልቲሜትሩን በኮኔክተሩ መካከለኛ መርፌና በውጫዊው ቀለበት መካከል ያድርጉ። አሁን ምንም መገናኘት የለበትም። ከተገናኘ አንድ ቦታ ሾርት አለ። በጣም የተለመደው ጥፋት የመቀመጫዋ ነጭ ወይም ጥቁር ፕላስቲክ ቀለበት ናት። መካከለኛውን ቡሎን ከስፖኪዮው ብረት የምትለየው ይህች ቀለበት ናት፤ ጎበጥ ያለው ጎኗ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ መቀመጥ አለበት። ገልብጠው ካስገቧት ወይም በማጥበቅ ብዛት ከተሰነጠቀች ቡሎኑ ብረቱን ይነካል፤ የሚልኩት ኃይል በሙሉ አንቴናው ሳይደርስ ይመለሳል። ለጥቂት ሳንቲም የምትገዛ ዕቃ ስለሆነች መሳሪያ ሳጥንዎ ውስጥ መለዋወጫ ያስቀምጡ።

ገመዱን በዓይንዎ ይከተሉት። በበር መዝጊያ ተጨፍልቆ ከሆነ ወይም ጫፉ ላይ አረንጓዴ ዝገት ከታየ ይለውጡት። የተረፈ ገመድ ካለ አጥብቀው አይጠቅልሉት፤ ላላ አድርገው በሰፊው አጥፈው ያስቀምጡት።

ባለ ማግኔት አንቴና ከሆነ ቀለም መፋቅ አያስፈልግም፤ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ሙሉ በሙሉ መቀመጡን ብቻ ያረጋግጡ። የብዙ ከባድ መኪና ጋቢና አሉሚኒየም ስለሆነ ማግኔት አይዝም፤ ከመግዛትዎ በፊት ይሞክሩት።

ደረጃ 2፦ ገላጣ ቦታ ይምረጡ

ከሕንፃ፣ ከዛፍ፣ ከሌላ መኪናና ከመብራት መስመር ቢያንስ አስር ሜትር ይራቁ። ጋራዥ ውስጥ ወይም በሁለት ተሳቢዎች መካከል ቆሞ የሚገኝ ቁጥር ዋጋ የለውም፤ በዙሪያው ያለው ብረት ንባቡን ያዛባል። በሮቹንና ኮፈኑን ይዝጉ። አንቴናው አጠገብ ሰው አይቁም። አብዛኛውን ጊዜ ተሳቢ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ተሳቢው እንደተያያዘ ይለኩ፤ ከጋቢናው ጀርባ ያለው ረጅም ግድግዳ ቁጥሩን ይለውጠዋል።

ደረጃ 3፦ ሜትሩን በራዲዮውና በአንቴናው መካከል ያስገቡ

የአንቴናውን ገመድ ከራዲዮው ጀርባ ይፍቱና ሜትሩ ላይ «አንቴና» የሚለው ቀዳዳ ላይ ያስሩት። ከራዲዮው ወደ ሜትሩ ደግሞ አጭር፣ ሁለቱም ጫፉ ላይ ኮኔክተር ያለው 50 ኦም ገመድ ያስፈልጋል፤ ይህ ገመድ ብዙ ጊዜ ከሜትሩ ጋር ስለማይመጣ አብረው ይግዙት። እሱ የሚገባው «ትራንስሚተር» በሚለው ቀዳዳ ነው። ሁለቱ ቀዳዳዎች መልካቸው አንድ ስለሆነ ማቀያየር ቀላል ነው፤ ከተቀያየሩ መርፌው የሚያሳየው የተገላቢጦሽ ነው። ኮኔክተሮቹን በእጅዎ እስከመጨረሻው ያጥብቁ። ላላ ያለ ኮኔክተር እንደ መጥፎ አንቴና ይነበባል።

እንደ ኮብራ 29 ያሉ አንዳንድ ራዲዮዎች በውስጣቸው ሜትር አላቸው። ለዕለት ተዕለት ቁጥጥር ይበቃል፤ ለመጀመሪያው ማስተካከያ ግን የውጭውን እመርጣለሁ፣ መርፌው ትልቅ ስለሆነ ትንሽ ለውጥ በግልጽ ይታያል።

ማጉያ ያያያዘ ካለ ያውጣው። በአሜሪካ ሕግ ለሲቢ ማጉያ መጠቀም ክልክል ነው፤ ያልተስተካከለ አንቴና ላይ ደግሞ ራዲዮውን ለማቃጠል አቋራጭ መንገድ ነው።

ደረጃ 4፦ ያንብቡ

ራዲዮውን በኤ.ኤም ላይ አድርገው ቻናል 1 ላይ ያቁሙ። መጀመሪያ ያዳምጡ፤ የሚያወራ ሰው ካለ ይጠብቁ። ቻናል 9 ለአደጋ ጥሪ የተተወ ነውና በጭራሽ አይፈትኑበት። ቻናል 19 ላይም ሾፌሮች ስለሚነጋገሩ ለመካከለኛው ንባብ ቻናል 20ን ይጠቀሙ፤ በሁለቱ መካከል የንባብ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል።

የሜትሩን ማብሪያ ወደ ፎርዋርድ ያዙሩ። ማይኩን ይጫኑ፣ ምንም አይናገሩ፤ መርፌው በስተቀኝ ጫፍ ካለው የማስተካከያ ምልክት ላይ በትክክል እስኪያርፍ ድረስ ቁልፉን ያዙሩ። ማይኩን ሳይለቁ ማብሪያውን ወደ ሪፍሌክትድ ይቀይሩና መርፌው ያረፈበትን ቁጥር ያንብቡ። ማይኩን ይልቀቁ። ይህ ሁሉ ከጥቂት ሰኮንዶች በላይ አይወስድም፤ መውሰድም የለበትም። መርፌው 3ን አልፎ ቀዩ ውስጥ ከገባ ወዲያው ይልቀቁና ወደ ደረጃ 1 ይመለሱ።

ቁጥሩን ይጻፉ። ከዚያ በቻናል 20 እና በቻናል 40 ይድገሙት። በእያንዳንዱ ቻናል ላይ መርፌውን እንደገና በፎርዋርድ ምልክቱ ላይ ማሳረፍ ግድ ነው፤ ይህን የዘለለ ሰው የሚያነበው ቁጥር በሌላ ቻናል ልክ የተወሰደ ነው። ሁለት መርፌ ያላቸውና መርፌዎቹ በሚገናኙበት ቦታ የሚነበቡ ሜትሮች ይህን ማስተካከያ አይጠይቁም።

ደረጃ 5፦ ቻናል 1ን ከቻናል 40 ያወዳድሩ

አሁን ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ላይ ደረስን። አንድ ንባብ ብቻውን አንቴናው መጥፎ መሆኑን ይነግርዎታል እንጂ ምን እንደሚያደርጉ አይነግርዎትም። አቅጣጫውን የሚነግሩት ሁለቱ ጫፎች ናቸው።

ሲቢ 40 ቻናሎች አሉት። ቻናል 1 የሚገኘው 26.965 ሜጋኸርዝ ላይ፣ ቻናል 40 ደግሞ 27.405 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ሞገዱ ያጥራል፤ ስለዚህ ቻናል 1 ረዘም ያለ አንቴና ይወዳል፣ ቻናል 40 አጠር ያለ። ይህችን አንዲት ነገር ከያዙ ሰንጠረዥ መሸምደድ አያስፈልግዎትም። የቻናል 1 ቁጥር ከቻናል 40 ከበለጠ አንቴናው ለቻናል 1 አጥሮበታል፤ ያስረዝሙት። የቻናል 40 ቁጥር ከበለጠ አንቴናው ረዝሟል፤ ያሳጥሩት። ሁለቱ እኩል ሆነው መካከለኛው ዝቅ ካለ ቁመቱ ትክክል ነው።

ለምሳሌ በቻናል 1 ላይ 2.4፣ በቻናል 20 ላይ 1.9፣ በቻናል 40 ላይ 1.5 አነበቡ እንበል። ቁጥሩ ወደ ላይ ባሉት ቻናሎች እየወረደ ይሄዳል፤ አንቴናው የሚስማማው ከሲቢ ቻናሎች በላይ ላለ ፍሪኩዌንሲ ነው። አጥሯል ማለት ነው። የአንቴናውን ዘንግ ትንሽ ከፍ አድርገው ሲለኩ 1.8፣ 1.4፣ 1.4 ካገኙ በትክክለኛው መንገድ ላይ ነዎት። ትንሽ ሲጨምሩ 1.5፣ 1.2፣ 1.5 ከሆነ እዚያው ይተዉት።

ሦስቱም ቁጥሮች ከ2 በላይ ሆነው በመካከላቸው ልዩነት ከሌለስ? ያኔ ቁመቱን አይንኩ። ይህ የቁመት ምልክት አይደለም፤ የግራውንድ፣ የገመድ ወይም የመቀመጫ ችግር ነው። ሌላም ምልክት አለ፦ በራዲዮውና በሜትሩ መካከል ያለውን አጭር ገመድ በሌላ ቁመት ሲቀይሩት ንባቡ በጣም ከተለወጠ፣ ሞገዱ በገመዱ ውጫዊ ጎን እየተመለሰ ነው፤ ግራውንዱ ደካማ ነው ማለት ነው። በየትራክ ስቶፑ «ገመዱ 18 ጫማ መሆን አለበት» ሲባል ይሰማሉ። ነጠላ አንቴና በትክክል ከተተከለና ከተስተካከለ የገመዱ ቁመት ቁጥሩን ሊለውጠው አይገባም። የገመድ ቁመት በመቀያየር የወረደ ቁጥር ሜትሩን ያስደስት ይሆናል እንጂ አንቴናውን አያስተካክለውም።

ደረጃ 6፦ በጥቂት በጥቂቱ ያስተካክሉ

ምን ያህል? ከቻናል 1 እስከ ቻናል 40 ያለው የፍሪኩዌንሲ ልዩነት 1.6 በመቶ ብቻ ነው። ሙሉ ቁመት ባለው የሩብ ሞገድ አንቴና፣ ማለትም ወደ 2.7 ሜትር በሚጠጋው፣ ይህ አራት ሴንቲ ሜትር ከምናምን ቢሆን ነው። ስለዚህ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ትልቅ ለውጥ ነው። በሽቦ ተጠምጥመው ያጠሩ አንቴናዎች ደግሞ የሚስማማቸው የፍሪኩዌንሲ ስፋት ይበልጥ ጠባብ ስለሆነ፣ በነሱ ላይ እጅግ መጠንቀቅ ነው።

የማስተካከያው መንገድ እንደ አንቴናው ዓይነት ይለያያል። ጫፉ ላይ የሚሽከረከር ቡሎን ያለው ፋይበርግላስ አንቴና ከሆነ ቆቡን አውጥተው ቡሎኑን ወደ ውጭ ካዞሩ ይረዝማል፣ ወደ ውስጥ ካዞሩ ያጥራል። ከታች ጥቅል ያለውና ከላይ የብረት ዘንግ የተሰካበት ከሆነ ትንሿን ቡሎን በአለን ቁልፍ አላልተው ዘንጉን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጉታል። ከማንቀሳቀስዎ በፊት ዘንጉ ከመቀመጫው የሚወጣበትን ቦታ በማርከር ምልክት ያድርጉበት፤ ካልተሳካ ወደ ነበረበት መመለስ ይችላሉ። በየለውጡ ቡሎኗን አጥብቀው፣ ከአንቴናው ርቀው፣ በሩን ዘግተው ሦስቱን ቻናሎች እንደገና ይለኩ። ማይኩ ተጭኖ ሳለ አንቴናውን አይንኩ፤ 4 ዋትም ቢሆን ጣት ሊያቃጥል ይችላል።

ዘንጉ እስከታች ገብቶም አንቴናው ረጅም ነው የሚል ንባብ ከመጣ፣ መቁረጥ ይመጣል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ይኑርዎት። ዘንጉን አውጥተው ከታችኛው ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ በሰጌቶ ይቁረጡ፣ በሞረድ ያለስልሱ፣ ይመልሱ፣ ይለኩ። በላይኛው ጫፍ ያለችውን ትንሽ ኳስ አይንኩ። የተቆረጠ ብረት አይቀጠልም፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር በአንዴ የቆረጠ ሰው አዲስ ዘንግ ይገዛል። ከመቁረጥዎ በፊትም ግራውንዱን አንድ ጊዜ ደግመው ይፈትሹ፤ አንቴናው ረጅም ሳይሆን መቀመጫው ላልቶ ሊሆን ይችላል።

ከ1.5 ወርደው 1.0ን ለማግኘት አንድ ቀን አያጥፉ። በ1.5 እና በ1.1 መካከል ያለውን ልዩነት ከወዲያ ማዶ ያለው ሰው በጆሮው አይለየውም።

ሁለት አንቴና ላላቸው

በሁለቱም ስፖኪዮዎች ላይ አንቴና ካለዎት፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ገመድ ተራ ገመድ አይደለም። ሁለት እኩል የ75 ኦም ገመዶች ራዲዮው ጋ በአንድ ኮኔክተር የሚገናኙበት ነው። አንዱ ቢበላሽ ሙሉውን ይለውጡ፤ ተራ የ50 ኦም ገመድ ቀጥለው አይጠግኑት። ሁለቱም አንቴናዎች አንድ ዓይነትና እኩል ቁመት ያላቸው መሆን አለባቸው፤ ግራውን በሁለት ሚሊ ሜትር ካስረዘሙ ቀኙንም በሁለት ሚሊ ሜትር ያስረዝሙ። አንዱን ነቅለው ሌላውን ለብቻው መለካት ትርጉም የለውም።

ቁጥሩ የማይነግርዎት ነገር

ዝቅተኛ ቁጥር ጥሩ አንቴና ለመሆን ማስረጃ አይደለም። ለሙከራ የሚያገለግል 50 ኦም ሬዚስተር ሜትሩ ላይ ቢያስሩ 1 ያነባል፤ አንድም ቃል ግን ወደ አየር አይወጣም። አሮጌ፣ ውሃ የገባው ገመድም የሚመለሰውን ኃይል በመንገድ ላይ ስለሚበላው ቁጥሩን አሳምሮ ያሳያል። ስለዚህ ካስተካከሉ በኋላ ሜትሩን አውጥተው፣ አንቴናውን በቀጥታ ራዲዮው ላይ አስረው፣ ቻናል 19 ላይ ሰው ጠርተው የት እንዳለና እንዴት እንደሚሰማዎት ይጠይቁ። ሜዳ ላይ ጥቂት ማይሎች ርቆ ያለ ሾፌር በግልጽ ከሰማዎት ሥራው ተሳክቷል።

ሦስቱን ቁጥሮችና ቀኑን በወረቀት ጽፈው ራዲዮው አጠገብ በናስትሮ ይለጥፉ። አንቴና፣ ገመድ ወይም መቀመጫ በቀየሩ ቁጥር፣ አንቴናው ቅርንጫፍ ከመታ በኋላ፣ እንዲሁም ክረምቱን ጨው በተረጨበት መንገድ ካሳለፉ በኋላ እንደገና ይለኩ። ሜትሩ በዓመት ከሁለትና ሦስት ጊዜ በላይ አያስፈልግዎትም፤ በቀረው ጊዜ አዲስ መኪና ለያዘ ጓደኛዎ ያውሱት፣ የመጀመሪያውንም ማስተካከያ አብረውት ይሥሩ።